ጠበቃ ያልነበራት እናት፦ የላሲተር ጉዳይና የወላጅነት መብት መቋረጥ

ልጅን ለጊዜው ከወላጁ መለየት አንድ ነገር ነው። ወላጅነትን ጨርሶ መሰረዝ ደግሞ ሌላ ነው። በአሜሪካ ሕግ ሁለቱ ለየብቻ በቀረበ ማመልከቻ፣ ለየብቻ በተያዘ ቀጠሮ ይታያሉ። ልጁ ለጊዜው ተወስዶ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ሲሰጥ እናትየዋ አሁንም እናቱ ናት። ትጠይቀዋለች። ያጎደለችውን አስተካክላ ይመለስልኝ ማለት ትችላለች። የወላጅነት መብቷ ሲቋረጥ ግን በሕግ ፊት ለልጇ ባዳ ትሆናለች። በጉዲፈቻ ሲሰጥ ፈቃዷ አይጠየቅም። ማን እንደወሰደው እንኳ የሚነግራት ላይኖር ይችላል።

ታዲያ ይህን ያህል ከባድ ነገር ሲወሰን፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ወላጅ ጠበቃ ይቆምለት ወይስ አይቆምለት? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ጥያቄ የመለሰው በ1981 ነው። መዝገቡ "ላሲተር በደርሃም ካውንቲ የማኅበራዊ አገልግሎት መምሪያ ላይ" በሚል ይታወቃል። (ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ላሲተር የእናትየዋ የቤተሰብ ስም ነው። መዝገቡ በእሱ ስለሚጠራ ተጠቀምኩበት። ከዚህ በኋላ ግን እናትየዋ፣ ልጁ፣ አያትየዋ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ደርሃም ካውንቲ ውስጥ ነው። በ1975 ወደ ዓመቱ አጋማሽ ግድም የካውንቲው ፍርድ ቤት አንድ ጨቅላ ሕፃን ተገቢውን ሕክምና አላገኘም የሚል ማስረጃ ሰማ። ልጁ "ችላ የተባለ ልጅ" ነው ተብሎ ተወሰነና በማኅበራዊ አገልግሎት መምሪያው ኃላፊነት ሥር ገባ። እናቱ በዚያ ችሎት አልተገኘችም። ይህ አለመገኘቷ ከዓመታት በኋላ ዋሽንግተን ድረስ ተከትሏት ሄዷል።

በዓመቱ እናትየዋ በሁለተኛ ደረጃ የነፍስ ግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተባለች። ከ25 እስከ 40 ዓመት እስራት ተፈረደባትና በጁላይ 1976 ወህኒ ወረደች።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ፍርዱን ጨርሶ ይሆናል። ልጇን ያላሳከመች፣ ሰው የገደለች ሴት ምን ዓይነት እናት ናት የሚል ሐሳብ ሰው ሁሉ ጋ ይመጣል። ይህን ጉዳይ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ሁሉም የሚያዝንላት እናት ብትሆን ኖሮ ሕጉ አይፈተንም ነበር። የፍርድ ሂደት ትክክለኛነት የሚለካው ማንም በማይወደው ሰው ላይ ነው።

በ1978 መምሪያው የእናትየዋ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ አመለከተ። ምክንያቱ እስር ቤት መግባቷ ወይም ወንጀሏ አልነበረም። ማመልከቻው ያለው ይህን ነው፦ ከዲሴምበር 1975 ጀምሮ ከልጇ ጋር አልተገናኘችም፤ ልጁንም ሆነ ብላ ከሁለት ተከታታይ ዓመታት በላይ በአሳዳጊ ቤተሰብ እጅ ትታዋለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጁ እንዲወሰድ ያደረገውን ችግር አላስተካከለችም፤ ወይም መምሪያው ግንኙነታቸውን ለማጠናከር በትጋት ላደረገው ጥረት በጎ ምላሽ አልሰጠችም፤ ወይም ለልጁ የወደፊት ሕይወት የሚሆን ዕቅድ አላወጣችም።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛው "ሆነ ብላ" የሚለው ነው። መራቋ ብቻውን አይበቃም፤ ወዳ የራቀች መሆን አለባት። ሁለተኛው "መምሪያው በትጋት ላደረገው ጥረት" የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ከሳሹም ይዞራል። መምሪያውስ ምን አደረገ? ሕግ ያጠና ሰው ይህን ማመልከቻ ሲያነብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ሕግ ያላጠና ሰው ግን የሚያየው "ልጅሽን ልንወስድ ነው" የሚለውን ብቻ ነው።

ማመልከቻው ወህኒ ቤት ድረስ ተወስዶ ደረሳት። እስር ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ከመንገር በቀር ለማንም አላነሳችውም። የሚገርመው ያኔ ጠበቃ ነበራት። የግድያ ፍርዱን እንዲቃወምላት እናቷ የቀጠሩላት ጠበቃ ነው። ለእሱም አልነገረችውም። ለምን እንዳልነገረችው መዝገቡ አይገልጽም። ጉዳዩን እንዳልፈለገችው አድርጎ ማንበብ ይቻላል። የቀረበባት ነገር ጠበቃ የሚያስፈልገው መሆኑን አላወቀችም ብሎ ማንበብም ይቻላል። ፍርድ ቤቶቹ የመጀመሪያውን ያዙ።

ኦገስት 31 ቀን 1978 ከወህኒ አምጥተው ችሎት አቆሟት። መምሪያው ጠበቃ ይዞ ቀርቧል። እሷ ብቻዋን ናት። ዳኛው ጠበቃ እንድትፈልግ ቀጠሮ ይሰጣት አይሰጣት የሚለውን ካዩ በኋላ፣ በቂ ጊዜ ነበራት፣ ያለ በቂ ምክንያት ነው ያልፈለገችው ብለው ነገሩን ቀጠሉ። አቅም የለኝም ብላ ስላላመለከተች መንግሥት ጠበቃ ያቁምላት ወይ የሚለውም አልተነሳም። አቅም የለኝም ማለት እንዳለባት የሚነግራት ሰው ደግሞ አልነበረም።

መምሪያው ያቀረበው ምስክር አንድ ብቻ ነው። የራሱ ሠራተኛ የሆነች ሶሻል ወርከር ናት። ምስክርነቷን ስትጨርስ ዳኛው እናትየዋን ጥያቄ እንዳላት ጠየቋት። ከዚያ በኋላ የሆነው በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የልዩነት ሐሳብ ውስጥ ሰፍሯል። እኔ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦

ዳኛው ጥያቄ አለሽ ወይ ይላሉ። ስለ ምን ትላለች። ስለዚህ ልጅ ይሏታል። እሺ ትልና "እኔ የማውቀው..." ብላ ስትጀምር ያቋርጧታል። ምስክርነት እንድትሰጪ አይደለም የምፈልገው፤ ምስክሯን መጠየቅ ትፈልጊ እንደሆነ ነው። አዎ እፈልጋለሁ፣ እኔ የማውቀው የራሴን ነው ትላለች። አሁንም ያቋርጧታል። ስለምታውቂው አይደለም የማወራው። የዚህ ችሎት ጉዳይ ምን እንደሆነ ገብቶሻል? ገብቶኛል። በልጁ ላይ ያለሽን መብት ለማቋረጥ፣ ካስፈለገም በጉዲፈቻ ለመስጠት ነው። አዎ፣ አውቃለሁ። እንግዲያው ጥያቄ ካለሽ ጠይቂ።

በመጨረሻ ጥያቄዋ ወጣ። ልጄን ለምንድነው ለአሳዳጊ ቤት የምትሰጡት? እናቴን ያውቃታል። ሁላችንንም ያውቀናል።

መስቀለኛ ጥያቄ ማለት ሙያ ነው። መልሱን የሚያውቅ ሰው፣ የምስክሩን ቃል ከማስረጃው ጋር እያጋጨ፣ አጭር አጭር ጥያቄ እየወረወረ የሚያካሂደው ሥራ ነው። የሕግ ተማሪ ስንት ጊዜ ተለማምዶ የሚደርስበትን ነገር እስረኛዋ ዳኛ ፊት ቆማ እንድታደርግ ተጠየቀች። ስሜቷን ተናገረች። ከዚህ በላይ ምን ልታደርግ ትችል ነበር?

በዳኛው ጥያቄ መሠረት የራሷንም ቃል ሰጠች። ልጄን በደንብ እንከባከበው ነበር አለች። ከተወሰደብኝ በኋላ ከአምስት ስድስት ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ አለች። ከእኔ ጋር መሆን ካልቻለ እናቴ ጋ ይሁንልኝ፤ ልጆች ቤተሰባቸውን ያውቃሉ፤ ሌሎች አራት ልጆች አሉኝ፣ ሦስት ሴትና አንድ ወንድ፤ ትንሽ ወንድማቸውን ሲያዩት ይለዩታል አለች።

አያትየዋም ቀርበው ተጠየቁ። መምሪያው እንደሚለው ሕፃኑን ማሳደግ አልችልም ብለዋል። እሳቸው አላልኩም አሉ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አልጠየቁትም ለተባለውም አይደለም አሉ። በልጃቸው ላይ መጀመሪያ አቤቱታ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው ለተባለውም አላቀረብኩም አሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በእኔ እምነት የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው። መምሪያው አያትየዋ እንቢ ብለዋል ይላል። አያትየዋ አላልኩም ይላሉ። ይህ መጣራት ያለበት የፍሬ ነገር ክርክር ነው። ጠበቃ ቢኖር ሶሻል ወርከሯን ጥያቄ በጥያቄ ያደርጋት ነበር። አያትየዋ አልችልም ያሉት መቼ ነው? ለማን ነው ያሉት? ለአንቺ ነው ወይስ ለሌላ ሠራተኛ? በጽሑፍ አለ? ቤታቸው ሄዶ ያየ ሰው አለ? እናትየዋ ወህኒ ከገባች በኋላ መምሪያው ስንት ደብዳቤ ጻፈላት? ልጁን ወስዶ ያሳያት ሠራተኛ አለ? ካልተወሰደ "በትጋት የተደረገው ጥረት" የቱ ነው? ከ25 ዓመት በላይ የተፈረደበት እስረኛ ልጁን ወጥቶ መጠየቅ አይችልም፤ ታዲያ መራቋ "ሆነ ብላ" የሆነው በምን ሂሳብ ነው?

ከእነዚህ አንዱም በአግባቡ አልተጠየቀም። የሰሚ ሰሚ ምስክርነት ሲገባም የተቃወመ የለም፤ መቃወም እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው በእሷ ወገን አልነበረምና። ፍርድ ቤቱ ከዲሴምበር 1975 ወዲህ ስለ ልጇ መምሪያውን አላነጋገረችም፣ ለደኅንነቱ አላሰበችም፣ ለወደፊቱም ያቀደችው ነገር የለም ብሎ የወላጅነት መብቷን አቋረጠ።

አንባቢ እንዳይሳሳት፣ እናትየዋ ንጹሕ ናት እያልኩ አይደለም። ሕፃኑ ሕክምና ማጣቱ ትልቅ ነገር ነው። በ1975ቱ ችሎት አለመገኘቷም ከባድ ነው። ጠበቃ ቢቆምላትም ውጤቱ ያው ሊሆን ይችል ነበር። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን የአያትየዋ ነገር ሳይመረመር መቅረቱ ነው። ልጁ አራት እህትና ወንድሞች አሉት። ከእናቱ ጋር መኖር አይችል ይሆናል፤ ከእነሱስ? ያ ጥያቄ የእናትየዋ ብቻ ሳይሆን የልጁም ጥያቄ ነበር። የእናትየዋ ጠበቃ ማጣት ልጁንም ጎድቶታል የምለው ለዚህ ነው።

የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔው የግል ሕይወትን የሚነካ መሆኑን አምኖ፣ ግን ጠበቃ በሕገ መንግሥት ግድ እስኪሆን ድረስ የከበደ አይደለም አለ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን አላይም አለ። በመጨረሻ ዘጠኙ የዋሽንግተን ዳኞች ዘንድ ደረሰ።

ጁን 1 ቀን 1981 በ5 ለ4 ድምፅ ተሸነፈች። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ፖተር ስቱዋርት ናቸው። አካሄዳቸው እንዲህ ነው። በ1963 በጊዲዮን ጉዳይ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ያቁም ተብሏል። ያ መብት ግን የተያያዘው ከአካል ነፃነት ጋር ነው። ሰው ወህኒ ሊገባ ሲል ነው ጠበቃ ግድ የሚሆነው። ወህኒ በሌለበት ክርክር ጠበቃ አያስፈልግም ከሚል ግምት እንነሳለን። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮችን እንመዝናለን፤ የወላጁን ጥቅም፣ የመንግሥትን ጥቅም፣ ያለ ጠበቃ የሚሰጠው ውሳኔ የመሳሳት ዕድሉን።

ሦስቱን ሲመዝኑ የገዛ ሚዛናቸው ወደ እናትየዋ ያጋደለ ይመስላል። የወላጅ ጥቅም እጅግ ትልቅ ነው አሉ። መንግሥትም ትክክለኛ ውሳኔ እንዲሰጥ ይፈልጋል፤ ወጪውም ትንሽ ነው አሉ። ያኔ 33 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ በራሳቸው ሕግ ለእንዲህ ያለው ወላጅ ጠበቃ ያቆሙ እንደነበርም ራሳቸው ጽፈዋል። ሆኖም ድምዳሜያቸው ጠበቃ በሁሉም ጉዳይ ግድ አይደለም፤ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ዳኛው በየጉዳዩ ይወስን የሚል ሆነ። በዚህኛው ጉዳይ ደግሞ የባለሙያ ምስክር የለም፣ የተወሳሰበ የሕግ ነጥብም የለም፤ የሰሚ ሰሚ ማስረጃ ገብቷል፣ መምሪያው በቂ እርዳታ አላደረገም የሚለው መከላከያዋም ሳይሟላ ቀርቷል፤ ቢሆንም ለልጇ ያላት ፍላጎት ትንሽ መሆኑን የሚያሳየው ማስረጃ ስለሚያመዝን ጠበቃ ቢኖርም ለውጥ አያመጣም አሉ።

ይህ የመጨረሻው አባባል አይዋጥልኝም። ጠበቃ ያልነበረበትን መዝገብ አንብቦ ጠበቃ ቢኖር ለውጥ አያመጣም ማለት እንዴት ይቻላል? መዝገቡ ባዶ የሆነው እኮ ጠበቃ ስላልነበረ ነው። ያልተጠየቀ ጥያቄ መልሱ ወረቀት ላይ አይገኝም።

ዳኛ ሃሪ ብላክመን በልዩነት ሐሳባቸው ያሰፈሩት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ዳኞች ብሬናንና ማርሻል አብረዋቸው ፈርመዋል። ያን የችሎት ምልልስ ያወጡትም ብላክመን ናቸው። ዳኛ ስቲቨንስ ለብቻቸው ጽፈው፣ ወላጅነትን ማጣት ከእስር የማይተናነስ ጉዳት ነው፤ ስለዚህ ለወንጀል ተከሳሽ ጠበቃ ያሰጠው ምክንያት እዚህም ይሠራል አሉ።

እናትየዋ ተሸነፈች። ክርክሩ ግን አልቆመም። ዓመት ሳይሞላው፣ ማርች 24 ቀን 1982፣ ያው ፍርድ ቤት የሳንቶስኪን ጉዳይ ወሰነ። ይህኛው ከኒውዮርክ አልስተር ካውንቲ የመጣ ነው፤ ሦስት ልጆች ችላ ተብለዋል ተብሎ ከወላጆቻቸው የተወሰዱበት። የኒውዮርክ ሕግ የወላጅነትን መብት ለማቋረጥ የመንግሥት ማስረጃ ከወላጁ ጥቂት በልጦ ከተገኘ ይበቃል ይል ነበር። በገንዘብ ክርክር የሚሠራበት ሚዛን ማለት ነው። አሁንም 5 ለ4 ሆነ፤ አሁን ግን ጸሐፊው ብላክመን ነበሩ። ማስረጃው ግልጽና አሳማኝ መሆን አለበት ተባለ። ወላጅ አርአያ የሚሆን ወላጅ ስላልሆነ ወይም ልጁ ለጊዜው ስለተወሰደበት ብቻ መሠረታዊ መብቱ አይተንም ሲሉም ጻፉ። ከዳኞቹ መካከል በላሲተር ከአብላጫው ጋር የነበሩት ዳኛ ፓውል በዚህኛው ወደ ብላክመን ወገን መጥተዋል። በአንድ ሰው ድምፅ የሕጉ አቅጣጫ ተለወጠ።

ከሚሲሲፒ የመጣች አንዲት እናት ደግሞ የወላጅነት መብቷን ባቋረጠው ፍርድ ላይ ይግባኝ ለማለት የመዝገብ ማዘጋጃ 2,352 ዶላር ከ36 ሳንቲም ክፈይ ተባለች። አልነበራትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1996፣ በ6 ለ3 ድምፅ፣ በዳኛ ጊንስበርግ ጸሐፊነት፣ ገንዘብ ስለሌላት ይግባኟ ሊዘጋ አይችልም አለ። ላሲተር ግን አልተሻረም። እስከ ዛሬ ሕግ ነው።

በተግባር ሁኔታው ተለውጧል። አብዛኞቹ ግዛቶች፣ ሰሜን ካሮላይናን ጨምሮ፣ የወላጅነት መብት ሊቋረጥበት ለሆነ ድሃ ወላጅ በራሳቸው ሕግ ጠበቃ ያቆማሉ። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ልጆች በሚመለከት ኮንግረስ ቀድሞ ወስኗል። እናትየዋ ብቻዋን ከቆመችበት ቀን ጥቂት ወራት በኋላ፣ በኖቬምበር 1978 በወጣው ሕግ፣ ለእነዚህ ልጆች ድሃ ወላጆች ጠበቃ ግድ ሆነ፤ ማስረጃውም እንደ ወንጀል ክስ ሁሉ ጥርጣሬ የማያስቀር እንዲሆን ተደረገ።

በሌላ በኩል ሰዓቱ ፈጥኗል። በ1997 የወጣው የፌዴራል ሕግ አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በአሳዳጊ ቤተሰብ ካሳለፈ ግዛቱ የወላጅነት መብት ማቋረጫ ማመልከቻ እንዲያቀርብ ያዛል። ከዚህ የሚታለፍባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ልጁ ዘመድ ዘንድ ካለ፣ ወይም ግዛቱ ማድረግ የነበረበትን እርዳታ ለወላጁ ካላደረገ። የሕጉን ምክንያት እረዳለሁ። ልጅ አድጎ እስኪጨርስ ከቤት ቤት መንከራተት የለበትም። በላሲተር ጉዳይ ልጁ ችሎቱ በተቀመጠ ጊዜ በመምሪያው እጅ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ለጨቅላ ሦስት ዓመት ማለት ዕድሜው በሙሉ ነው።

ግን እነዚያን ሁለት ማለፊያዎች እዩአቸው። ዘመድ አለ ወይ? መምሪያው የሚገባውን አድርጓል ወይ? በ1978 ደርሃም ላይ ሳይጠየቁ የቀሩት ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው። ዛሬ ሕጉ ውስጥ ተጽፈዋል፤ ነገር ግን በራሳቸው አፍ አውጥተው አይናገሩም፤ የሚያነሳቸው ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጠበቃው የሚመጣበት ጊዜ ወሳኝ ነው። የማቋረጫው ማመልከቻ ከገባ በኋላ የተመደበ ጠበቃ የሚያገኘው ያለቀ መዝገብ ነው። ያልተላኩ ደብዳቤዎችን ወደ ኋላ ሄዶ ሊያስልክ አይችልም። ያልታየውን የአያት ቤት በጊዜው ሊያሳይ አይችልም። ልጁ በተወሰደበት ሳምንት የመጣ ጠበቃ ግን ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ "አያቱ አሉ፤ ሄዳችሁ እዩአቸው" ብሎ በመዝገብ ላይ ያስፍራል። መምሪያው ካልሄደ፣ አለመሄዱም ይጻፋል።